የዘር ጠያቂና ተጠያቂ፤ የዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአማካሪነት ሥራ ከላስታ ሲታይ

አንድ የሳይንስ ሊቅ መንግሥትን ሲያማክር ሥራው በሁለት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። አንደኛው፥ የመከረው ነገር እውነት ነውን? የሚለው ነው፤ ይህን የሚመዝኑለት እንደ እርሱ ያሉ ሊቃውንት ናቸው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይኸውም ምክሩ የሚነካው ሰው፥ ማለት በምክሩ የሚጠቀመው ወይም የሚጐዳው ሰው፥ ነገሩ ከመወሰኑ በፊት ተጠይቆአልን? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን የአማካሪነት ሥራ በዚህ በሁለተኛው ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ እንሞክራለን። የምናየውም ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን ከላስታ፥ በላሊበላ ዙሪያ ካለው ደጋ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹን ቍጥር ብቻ በነጋሪት ጋዜጣ እንደ ታተመ ትተነዋል።

እኒህን ሊቅ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ ከኢትዮጵያ የሳይንስ ሰዎች መካከል ስለ አንድ አዲስ ቴክኖሎጂ በዓለም ሕግ ላይ እንደ እርሳቸው ጐልቶ ድምፁ የተሰማ ሰው ለማግኘት ስለሚያስቸግር ነው። ሁለተኛው፥ ከላይ የጠቀስነውን ሚዛን ሲከራከሩበት የኖሩት ራሳቸው ስለ ሆኑ ነው። ሰውን ራሱ በተከራከረበት ሚዛን መመዘን ደግሞ ፍትሕ እንጂ ድፍረት አይመስለንም። ሊቁ በ2023 ሲያርፉ ብዙ ምስጋና ተነግሮላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ይሁን እንጂ ምስጋና ብቻ ተማሪን አያስተምረውም።

፩ ዘር በላስታ

ላሊበላ በዓለም የታወቀው ከዐለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ነው። ከከተማው ጥቂት ወጣ ያለ ሰው ግን ሌላ የብዙ ዘመን ሥራ ያያል። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከእርሱ ዝቅ ሲባል የገብስ ማሳ፥ ከዚያም የስንዴ፥ የባቄላና የምስር፥ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ የጤፍና የማሽላ ማሳ አለ። መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ ነው። ዝናሙ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፤ አንዳንድ ዓመት በረዶ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ገበሬው በአንድ ዓይነት ዘር አይተማመንም። ገብሱን ነጭ፥ ጥቁር፥ ሰነፍ ቆሎ እያለ ይለያል፤ አንዱ ቶሎ ይደርሳል፥ አንዱ ውርጭ ይችላል፥ አንዱ ለጠላ ሌላው ለበሶ ይመረጣል። አጨዳ ሲደርስ ያማረውን ዛላ ለይቶ ለብቻው ይወቃና ለከርሞ ዘር ያኖረዋል። ዘሩን ክፉ ዘመን ያስበላው ሰው ከጎረቤቱ ይበደራል፥ ወይም በቅዳሜ ገበያ ይለውጣል።

ይህ ሥራ በትምህርት ቤት ሳይንስ ተብሎ አልተነገረንም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን መነኵሴው ሜንዴል በአትክልት ቦታው ስላዳቀለው አተር በእንግሊዝኛ አጥንተን ፈተናውን በደኅና አልፈናል፤ ነገር ግን እናቶቻችን በጎታ የሚያኖሩት አተር ከዚያ ጋር ዝምድና እንዳለው አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር። የውጭ ሊቃውንት ግን ያውቁት ነበር። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1926 መጨረሻና በ1927 አገራችንን ዞሮ ዘር ሰበሰበ፤ የኢትዮጵያንም ደጋ ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች አንዱ አድርጎ ቈጠረው። ኋላም ቢጫ ድንክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ የካሊፎርኒያን ገብስ ባጠቃ ጊዜ፥ በሽታውን የሚቋቋመው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ከዘመን ዘመን መርጦ ያቈየው ገበሬ ግን ስሙ አይነሣም። የዶክተር ተወልደ ብርሃን ሥራ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው።

፪ ከመማከር በፊት ማወቅ

ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ1940 በዓድዋ አጠገብ ተወለዱ። በ1963 በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፥ በ1969 በብሪታንያ ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ትምህርታቸው የዕፀዋት ጥናት ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው አስተማሩ፤ ከ1974 እስከ 1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ነበሩ፤ ከዚያም የደረቁ ዕፀዋት ናሙና የሚጠበቅበትን ብሔራዊ ሄርቤሪየም መሩ። ከስዊድን ሊቃውንት ጋር በ1980 ገደማ የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ዋና መሥራች ናቸው፤ ሥራው 8 ቅጽ ሆኖ የተፈጸመው በ2009 ነው። ከ1983 እስከ 1991 የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚደንት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱን የአካባቢ ጥበቃ ስልት የሚያዘጋጀውን ጽሕፈት ቤት፥ ቀጥሎም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለብዙ ዓመት መርተዋል።

ይህን ዝርዝር የሰጠነው ሹመት ለመቍጠር አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሊቁ ስለ ተለወጠ ዘር በዓለም ፊት ከመናገራቸው በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ያልተለወጠውን ዕፅ ሲሰበስቡ፥ ሲለዩና ሲያስተምሩ ኖረዋል። በዘመናችን አማካሪ የሚባለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከመጽሔት ያነበበውን ለሚኒስትር የሚያቀብል ነው። እኒህ ሰው ግን የሚከራከሩለትን ነገር በእጃቸው ዳስሰውታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሚዛን፥ ማለት በዕውቀት ሚዛን፥ የምንነቅፈው የለንም።

፫ በከረጢት ውስጥ ያሉት ኳሶች

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሌላ ሕያው ፍጥረት የተወሰደ ጂን የገባባቸው አኵሪ አተር፥ በቈሎና ጥጥ በብዛት መዘራትና መሸጥ ጀመሩ። ለምሳሌ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባል የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደው ጂን ወደ ጥጥ ሲገባ፥ ተክሉ የጥጡን ፍሬ የሚበላውን ትል የሚገድል ነገር በራሱ ያበጃል። በ1992 የብዝሐ ሕይወት ስምምነትን የፈረሙ መንግሥታት እንደዚህ ያለው ፍጥረት ከአገር ወደ አገር የሚሻገርበትን ደንብ ለማውጣት ድርድር ጀመሩ።

በ1999 መጀመሪያ በኮሎምቢያ፥ በካርታሄና ከተማ የተደረገው ስብሰባ ሳይስማማ ተበተነ። በአንድ ወገን አሜሪካ፥ ካናዳ፥ አውስትራሊያ፥ አርጀንቲና፥ ቺሊና ኡራጓይ፥ እህል ሻጮቹ፥ ቆመው ነበር። በሌላው ወገን አብዛኞቹ የአፍሪካ፥ የእስያና የላቲን አሜሪካ አገሮች በአንድ ቡድን ተሰለፉ፤ የዚህ ቡድን ዋና ቃል አቀባይ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ነበሩ። በዚያው ዓመት በቪየና በተደረገው ቀጣይ ስብሰባ የኮሎምቢያው ሰብሳቢ የንግግሩን ተራ ለመወሰን ባለ ቀለም ኳሶች በከረጢት አድርገው ለየቡድኑ ተወካዮች ዕጣ አስወጡ፤ ኀያሉ ቀድሞ ደካማው ወደ ኋላ እንዳይቀር ብለው ነው። በመጨረሻም ጃንዋሪ 29 ቀን 2000 በሞንትሪያል የካርታሄና ፕሮቶኮል ጸደቀ፤ በ2003 በሥራ ላይ ዋለ። ሊቁም በዚያው በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የፕሮቶኮሉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ የተለወጠ ዘር ወደ አንድ አገር ከመላኩ በፊት ላኪው ያስታውቅ፥ ተቀባዩም ዐውቆ ይስማማ ወይም ይከልክል፤ ሳይንሱ ገና እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜም ተቀባዩ ለጥንቃቄ ሲል መከልከል ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ድኻ አገር እንደ ልመና ሳይሆን እንደ መብት «አስቀድማችሁ ጠይቁኝ» ለማለት የቻለበት ሕግ ነውና። የፕሮቶኮሉ 23ኛ አንቀጽ ደግሞ መንግሥታት ውሳኔ ሲሰጡ ሕዝባቸውን እንዲያማክሩ ያዛል።

እንግዲህ ጥያቄአችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። «አስቀድማችሁ ጠይቁኝ» የሚለው ቃል ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሲነገር ኀይለኛ ነበር። ከመንግሥት ወደ ገበሬ ሲወርድስ? በቪየናው ከረጢት ውስጥ ለየቡድኑ ኳስ ነበረው፤ ለላስታ ገበሬ የወጣ ኳስ ግን አልነበረም። በስሙ የተናገሩለት ነበሩ፤ በስም መናገር ግን ከመናገር ይለያል።

፬ ጆንያውና ማሳው

በሞንትሪያል ስምምነት እንዲገኝ ሲባል አንድ ነገር ተቈርጦ ቀርቶአል። ለዘር የሚመጣው ፍሬ አስቀድሞ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ለምግብ፥ ለከብት መኖና ለፋብሪካ የሚመጣው እህል ግን በዚህ ጥብቅ ሥርዓት አያልፍም። ከእርሱ ጋር የሚመጣው ወረቀት የተለወጠ እህል ሊኖርበት እንደሚችልና ለመዘራት እንዳልታሰበ መግለጹ በቂ ሆነ። ሊቁና ቡድናቸው ይህን የፈለጉት አልነበረም፤ በድርድር የተሸነፉበት ነው።

በጽሕፈት ቤት ውስጥ የምግብና የዘር ልዩነት ግልጽ ነው። በላስታ ግን አይደለም። ከ1984 እስከ 1985 የነበረውን ረኃብ የላስታ ሰው አልረሳውም፤ ከ2005 ጀምሮም ብዙ ቤተ ሰብ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራ እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበል ኖሮአል። ዘሩን በልቶ የጨረሰ ገበሬ የእርዳታ ጆንያ ሲደርሰው ሁሉን አያስፈጭም። ዝናም ከጣለ ከእርሱ ጥቂት እፍኝ ቈንጥሮ በጓሮው ይሞክረዋል። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ አባቶቹ ያስተማሩት የሙከራ ሥራ ነው። እውነት ነው፥ ወደ እኛ የሚመጣው እህል ይበልጡን ስንዴ ነው፤ የተለወጠ ስንዴም በእነዚያ ዓመታት በዓለም ገበያ አልነበረም። ጭንቀቱ ግን ባዶ ስላልነበረ በ2002 ዛምቢያ በረኃብ ላይ ሳለች እንኳ የተለወጠ በቈሎ አልቀበልም አለች፤ ከጎረቤቶቿ አንዳንዶቹ ተፈጭቶ እንዲመጣ ጠየቁ። በቈሎ ዘሩ በነፋስ የሚዳቀል ስለ ሆነ በአንድ ጓሮ የተዘራው እፍኝ የጎረቤትን ማሳ ይደርሳል። ገብስና ስንዴ ግን በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ።

እህል የሚዘራና የሚበላ ተብሎ በወረቀት ላይ ሲለይ የላስታን አንዲት እናት ጠርቶ የጠየቃት ቢኖር ኖሮ፥ «በእኛ ቤት አይለይም» ባለችው ነበር። ይህ መልስ የሕጉን ቀዳዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ዕውቀት ነው። ገበሬውን መጠየቅ ያስፈልጋል ስንል ለክብሩ ብቻ ብለን አይደለም። አደጋውን ለመገመት የሚያስፈልገው ዕውቀት እኩሌታው ያለው በእርሱ ዘንድ ስለ ሆነ ነው። ጂን ምን እንደ ሆነ ባያውቅ፥ ዘር በየትኛው መንገድ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል።

፭ አዋጁ እሳት ዳር ሲነበብ

በአገር ውስጥ ሁለት ሕጎች ከሊቁ አሳብ ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ጄኔቲክ ሀብት፥ ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀትና መብት የወጣው አዋጅ ቍጥር 482/1998 ነው፤ የማኅበረሰቡን ዕውቀት የሚፈልግ ሰው ማኅበረሰቡን አስቀድሞ እንዲያስፈቅድ ይደነግጋል። ሁለተኛው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655/2001 ነው። ይህ በጣም ጥብቅ ነበር። የአገራችን ተመራማሪዎች ለሙከራ እንኳ መንገዱ ተዘጋብን ብለው አጕረመረሙ፤ በአዋጅ ቍጥር 896/2007 ተሻሽሎ ለዘ። በ2018 ትሉን የሚቋቋመው የተለወጠ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ።

በጥብቁ ሕግና በላላው ሕግ ደጋፊዎች መካከል ያለው ክርክር የታወቀ ነው። ጥብቁን የሚደግፉት፥ አንድ ጊዜ ከማሳ የወጣ ጂን ተመልሶ አይሰበሰብም፥ ዘራችንም በውጭ ኩባንያ እጅ ይወድቃል ይላሉ። የላላውን የሚደግፉት ደግሞ፥ ትል ማሳውን ሲበላ ጥንቃቄ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው፥ የራሳችን ልጆች በራሳችን ላቦራቶሪ እንዳይመራመሩ መከልከል ጥገኝነትን ያባብሳል ይላሉ። ሁለቱም የሚደመጥ ነገር አላቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች ስለ ገበሬው እየተናገሩ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነው።

ይህን በዐይናችን ለማየት ባለፈው የገና በዓል ወደ አገራችን ስንሄድ ከአዋጁ ጥቂት አንቀጾች ይዘን ነበር። ማታ እሳት ዳር ለተሰበሰቡት ዘመዶችና ጎረቤቶች አነበብንላቸው። ከመካከላቸው ስለ ሕጉ ሰምቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። «ልውጥ ሕያው» ከሚለው ስም ስንደርስ አንድ ሽማግሌ አቋረጡንና፥ «ልውጥ ማለት በገበያ የተለዋወጥነው ዘር ነው እንዴ ልጄ? እርሱንማ ሁላችንም እናደርገዋለን። ታዲያ ተከለከለ?» አሉ። ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገውን የዘር ልውውጥ ሕጉ ራሱ የከለከለው መሰላቸው።

ቃሉን የመረጡት ሰዎች ከአማርኛና ከግዕዝ ስም ለማውጣት መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የእንግሊዝኛውን ስም እንዳለ ከማንበልበል ይሻላል። ነገር ግን ቃል የሚፈተነው በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በሚሰማው ሰው ጆሮ ነው። ነገሩን በቀላል ቋንቋ ካስረዳን በኋላ ጥያቄው ጐረፈ። አንዲት እናት፥ «ዘሩ ለከርሞ ተመልሶ ይበቅላል ወይስ በየዓመቱ ይገዛል?» ብለው ጠየቁ። ቀፎ ያላቸው ሌላ ጎረቤት ደግሞ፥ «የጥጡን ትል የሚገድል ከሆነ ንቡንስ አይነካውም?» አሉን። በላሊበላ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አያስደንቅም፤ ንጉሡ ስሙን ያገኘው በሕፃንነቱ ከከበቡት ንቦች እንደ ሆነ የሚነገርበት፥ ነጭ ማር የሚቈረጥበት አገር ነው።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከሊቃውንቱ መጻሕፍት ጋር ብናስተያያቸው የመጀመሪያው የኢኮኖሚው ክርክር እምብርት ነው፤ ለጥጥ የተፈቀደው ዘር ዲቃላ ስለ ሆነ ጥቅሙ እንዳይቀንስ በየጊዜው መገዛት አለበት። ሁለተኛው በላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ የተመረመረ ነው፤ ለትል የታሰበው ነገር ንብን እንደማይጐዳ በብዙ ሙከራ ታይቶአል። እንግዲህ ለአንዱ ጥያቄ የሚያሳስብ፥ ለሌላው የሚያጽናና መልስ ነበረ። መልሱ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ጥያቄው እሳት ዳር ይኖራል፤ የሚያገናኛቸው ሰው ጠፍቶአል። ለተለወጠ ዘር ወገን የሚቆምም ሆነ የሚቃወም አማካሪ ይህን ጕድለት እንደ ራሱ ጕድለት ሊቈጥረው ይገባል።

፮ ሊቁ ራሳቸው ያሳዩት ሌላ መንገድ

እስከ አሁን ያልነው በዶክተር ተወልደ ብርሃን ላይ የጠነከረ ሊመስል ይችላል። ከእርሳቸው ሥራ ውስጥ ግን ትችታችንን የሚያርም አንድ ነገር አለ። ከ1996 ጀምሮ እርሳቸውና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ካቋቋሙት ተቋም ጋር የትግራይ ግብርና ቢሮ በጥቂት መንደሮች የኮምፖስት ሥራ ጀመረ። ገበሬዎቹ ቅጠላ ቅጠሉንና ፍግን አብስለው በማሳቸው ጨመሩ፤ እርከንና የውሃ መከተሪያም አብረው ሠሩ። አጨዳ ሲደርስ ኮምፖስት የገባበት፥ የፋብሪካ ማዳበሪያ የገባበትና ምንም ያልገባበት ማሳ ምርት ገበሬዎቹ ባሉበት እየተለካ ተነጻጸረ። ኮምፖስቱ ምንም ካልገባበት ማሳ እጅግ የበለጠ፥ ከማዳበሪያውም ጋር የሚወዳደር ምርት ሰጠ። ሥራው ከጥቂት መንደር ተነሥቶ ወደ ብዙ ወረዳ ተስፋፋ።

ከዚህ የምንማረው ስለ ኮምፖስት ብቻ አይደለም። በዚህ ሥራ ገበሬው የተነገረው ሰው ሳይሆን የመዘነው ሰው ነበር። እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ የማይበጀውን ይተዋል፥ የሚበጀውን ለጎረቤቱ ያሳያል። በሕጉ ሥራ ላይ የጐደለው ይኸው ነው። አንድ ሊቅ በማሳ ላይ ከገበሬው ጋር ሲመዝን፥ በሕግ ላይ ግን ስለ ገበሬው ሆኖ መዘነ። ምክንያቱን መገመት ይቻላል፤ ድርድሩ ፈጣን ነበር፥ ተቃዋሚው ኀያል ነበር፥ የአፍሪካም ባለሙያዎች ጥቂት ነበሩ። ምክንያቱ ሰውየውን ይቅር ያሰኛል፤ ለእኛ ለተከታዮቹ ግን ምክንያት አይሆነንም።

፯ በዐለቱ ላይ የቆመው ጥላ

ይህ ጕዳይ የዘር ብቻ እንዳልሆነ ላሊበላ ራሷ ትመሰክራለች። አብያተ ክርስቲያናቱን ዝናም እየበላቸው ስለ ሆነ ባለሙያዎች ብዙ መድኀኒት ሞክረዋል። በ1950ዎቹ ግድግዳቸው ሬንጅ ተቀባ፤ ዐለቱን የሚጐዳ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1960ዎቹ ማለቂያ በሌላ ባለሙያ ተገፈፈ። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፥ ለጊዜው ተብሎ፥ በብረት ምሰሶ የተሸከመ ትልልቅ ጣራ በቤተ መድኃኔ ዓለም፥ በቤተ ማርያም፥ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ተተከለ። ጊዜያዊ የተባለው ዐሥር ዓመት ቆየ። ካህናቱና ሕዝቡ የምሰሶው ክብደትና የነፋሱ ኀይል አብያተ ክርስቲያናቱን ያፈርሳቸዋል ብለው ሰጉ፤ በ2018 አደባባይ ወጥተው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ በመንግሥታት ደረጃ የታየው፤ በ2019 የፈረንሳይ ፕሬዚደንት ላሊበላ ድረስ መጥተው ለጥበቃው ሥራ እርዳታ ለመስጠት ቃል ገቡ።

ጣራው ሲታቀድ ስብሰባ አልተደረገም አንልም። የምንለው፥ ስብሰባ ጠርቶ የተወሰነውን ማስታወቅ አንድ ነገር፥ ከመወሰኑ በፊት መጠየቅ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ባለሙያው ስለ ዝናሙ እውነት ተናግሮ ይሆናል። ክረምት ከበጋ በዐለቱ ሥር የሚያድረው ዲያቆን ግን ውሃው በየት እንደሚገባና ነፋሱ ከየት እንደሚመታ ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች ቀድመው ቢገናኙ ኖሮ በአደባባይ ባልተጋጠሙ ነበር።

፰ መደምደሚያ

አንዳንድ አንባቢ፥ ያልተማረ ገበሬ ስለ ጂን ምን ሊፈርድ ይችላል? ሊለን ይችላል። መልሳችን፥ ስለ ጂኑ እንዲፈርድ አልጠየቅንም የሚል ነው። ስለ ማሳው፥ ስለ ጎተራው፥ ስለ ልጆቹ ዘር እንዲፈርድ ነው። ሐኪም ሕመምተኛውን «የት ያምሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ሕመምተኛው መድኀኒት ስለሚያውቅ አይደለም።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን አፍሪካን ከጠያቂዎቹ በታች ተቀምጣ ከምትመልስበት ወንበር አንሥተው ተጠይቃ ከምትፈቅድበት ወንበር አስቀምጠዋታል። ይህ በዘመናቸው ካለ አንድ የሳይንስ ሰው የሚጠበቀውን ያህል፥ ምናልባትም ከዚያ የበለጠ ነው። የተረፈው ሥራ ያንኑ ወንበር ከአዲስ አበባ ወደ ወረዳው፥ ከወረዳው ወደ ቀበሌው ማውረድ ነው። ለዚህም ትልቅ ገንዘብ ከመፈለጉ በፊት ሦስት ነገር ይበቃል፤ ማንኛውም አዲስ ዘር ወይም ቴክኖሎጂ ሲታሰብ ነገሩ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ይጻፍ፤ የገበሬው ጥያቄ በጽሑፍ ተይዞ ከሊቃውንቱ ጥያቄ ጋር ይመርመር፤ መልሱም፥ ቢያጽናናም ቢያሳስብም፥ ወደ ጠየቀው ሰው ይመለስ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን የምንበተን እንደ መሆናችን የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች ልንሆን እንችላለን።

አባቶቻችን፥ «ምከረው ምከረው፥ እንቢ ቢል መከራ ይምከረው» ይላሉ። ተረቱ የሚገሥጸው ምክር የማይሰማውን ነው። ነገር ግን መካሪውም መመከር አለበት፤ ዲግሪ የያዘ ሰው እሳት ዳር ከተቀመጡት ሰዎች ምክር ሳይጠይቅ ቢቀር መከራው የሚመክረው እርሱን ሳይሆን እነርሱን ነው። ስለ ንቡ የጠየቁንን ጎረቤታችንን መልሱን ገና አላደረስንላቸውም። ለፋሲካ ስንሄድ እንነግራቸዋለን።